የግቢያችን አበባ በምን ይመረጥ?

የክረምቱ ዝናብ ሲቃረብ በየከተማው መንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ይበዛሉ። በጥቁር ላስቲክ የተተከሉት የአበባ ቁጥቋጦዎች በቀይ፣ በቢጫና በነጭ አጊጠው አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ። ገዢው "ይኼ ስንት ነው?" ይላል፤ ጥቂት ይከራከራል፤ ከፍሎ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን ሁልጊዜ የሚያስደስት አይደለም። አንዱ ችግኝ ለጥቂት ወራት ለምልሞ በኅዳር ውርጭ ይረግፋል። ሌላው ጥላ ሥር ተተክሎ ዓመት ሙሉ ቅጠል እንጂ አበባ ሳያሳይ ይቀራል። ሦስተኛው ደግሞ እጅግ ይስማማውና መስኮቱን ጋርዶ፣ እሾሁን ወደ ጎረቤት መተላለፊያ ዘርግቶ ያስቸግራል። ከሁሉ የከፋው ግን መርዛማ ተክል፣ ከቤተሰቡ አንድም ሰው ጠባዩን ሳያውቅ፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ መቆሙ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ቁጥቋጦ በየዓመቱ እየተዘራ እንደሚረግፍ አበባ የአንድ ወቅት እንግዳ አይደለም። አንድ ጊዜ ከተስማማው አሥርና ሃያ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ አብሮን ይኖራል። በአጠገቡ ልጆች ይሮጣሉ፤ ልብስ ይሰጣል፤ በዒድ ዕለት እንግዶች ያልፋሉ። ስለዚህ አመራረጡ የእንግዳ ሳይሆን የጎረቤት አመራረጥ ሊሆን ይገባል። ጎረቤት በመልኩ ብቻ አይመረጥምና።

በዚህ ጽሑፍ ችግኝ ከመግዛታችን በፊት ራሳችንን ልንጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን እናነሳለን። አገሩ ይስማማዋል ወይ? በግቢው ላሉት ልጆችና እንስሳት ደኅና ነው ወይ? ቦታውና ውሃው ይበቃዋል ወይ? ከውበቱ ሌላስ ለቤታችን ምን ይሰጣል?

አገሩን ማወቅ

አባቶቻችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለው የከፈሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1850 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በአብዛኛው ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ድሬዳዋ ላይ ያለ ብዙ ድካም የሚያብበው ተክል አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ቅዝቃዜ ቢሞት ጥፋቱ የተክሉ አይደለም። የእንጦጦን ዳገት የለመደ ተክልም በቆላ ፀሐይ ቢደርቅ እንዲሁ ነው።

በአንድ አካባቢ ምን እንደሚስማማ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በእግር ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። በሰፈራችን አምስትና ስድስት ዓመት የቆየ፣ ማንም ብዙ ሳይንከባከበው የሚያብብ ቁጥቋጦ ካለ ትክክለኛው መልስ እዚያ ይገኛል።

ለደጋና ለወይና ደጋ

በደጋው አገር ስለ አበባ ስናስብ ቀድሞ የሚታወሰን ጽጌረዳ ነው። ጽጌረዳ ጥሩ ምርጫ ነው። ቢያንስ ለግማሽ ቀን ፀሐይ፣ ውሃ የማይተኛበት አፈርና በየጊዜው የሚገርዘው እጅ ይፈልጋል። በክረምት ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው የሻጋታ በሽታ ስለሚያጠቃው ተጠጋግቶ መተከል የለበትም፤ ሲጠጣም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ ውሃ ማፍሰስ አይገባም።

ይሁንና የራሳችን አገር ጽጌረዳ እንዳለን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ገጠር ያደገ ሰው ፍሬውን እየለቀመ የበላው ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው። ከ1900 ሜትር በላይ ባለው ደጋ በተፈጥሮው ይበቅላል፤ ነጭና መዓዛው ደስ የሚል አበባ ያወጣል፤ ከአበባው በኋላ ቀይ ብርቱካናማ ፍሬ ይሰጣል። እሾሁ ጠንካራና ወደ ኋላ የቆለመመ በመሆኑ ለበር አካባቢ ሳይሆን ለአጥር ይመረጣል። ሌባንም ሆነ ከብትን ይመልሳል።

በወይና ደጋ ለአጥር የሚሆነው ሌላው የአገር ተክል አጋም ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ሽታውም ጣፋጭ ነው። ጥቁር ሆኖ የበሰለውን ፍሬውን ልጆች ይወዱታል። በመቀስ ሲከረከም ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይወጣዋል፤ ድርቅም ይችላል። እሾሁ ግን እንደ ቀጋ ሁሉ ከመተላለፊያ መራቅ አለበት።

ቢጫ አበባ ለሚወዱ አምጃ አለ። ከፍ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅል፣ አምስት ቅጠል ያለው ደማቅ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅዝቃዜ አያስፈራውም። አንፋር ደግሞ ወደ ብርቱካን ያደላ አበባውን በዘለላ ያወጣል፤ ማር ማር ስለሚሸት ንቦች ይከቡታል። አንፋር አነስተኛ ዛፍ እስኪሆን ድረስ ሊያድግ ስለሚችል ለጠባብ ግቢ አይመከርም። በመስኮት ወይም በበር አጠገብ መዓዛ ለሚፈልግ ቤተሰብ ጠንበለል የተመቸ ነው። ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ ያለው የአገራችን የጃስሚን ዓይነት ሲሆን፣ የሚደገፍበት እንጨት ወይም ሽቦ ከተሰጠው እየተጠመዘዘ ይወጣል።

ከፍታው ከ2000 ሜትር ብዙም በማይበልጥ፣ እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ቦታዎች ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ቡናን የመሰለ የአበባ ቁጥቋጦ ከየት ይገኛል? ቡናን የምናስበው በጀበናው ስለሆነ አበባውን እንዘነጋዋለን። ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በአሥር ቀን ገደማ ቅርንጫፉ በሙሉ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ መዓዛው ግቢውን ያውደዋል። አበባው የሚቆየው ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ቢሆንም አረንጓዴው ቅጠልና ቀዩ ፍሬ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ያሳምራሉ። ከሌሎቹ የሚለየው ደግሞ ቀለል ያለ ጥላ መውደዱ ነው፤ በትልቅ ዛፍ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላልናል።

ለቆላና ለሞቃት ከተሞች

በሞቃት አገር የአበባ ቁጥቋጦ ሲነሳ ቡገንቪሊያን የሚስተካከል አይገኝም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ቢሆንም ከድሬዳዋ እስከ ሐዋሳ፣ በአዲስ አበባም ጭምር የብዙ ቤት አጥር ጌጥ ሆኗል። ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ የምናየው እውነተኛው አበባ አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። አበባው በመካከሉ ያለችው ትንሽዋ ነጭ ናት። ልጆችን በቅርብ አሳይቶ ማስተማር ይቻላል። ቡገንቪሊያ ብዙ ፀሐይና ጥቂት ውሃ ይወዳል። ውሃ ሲበዛበት ቅጠሉ ይለመልማል፣ ቀለሙ ግን ይቀንሳል። "ለምን አላበበልኝም?" እያሉ በየቀኑ ውሃ የሚያጠጡት ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው።

ሂና በቆላ ለሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ ልዩ ቦታ አለው። ትናንሽ፣ ነጭ ወደ ክሬም ያደሉ አበቦቹ በሩቅ የሚሸት መዓዛ አላቸው፤ ቅጠሉ ደርቆና ተወቅጦ ለሠርግና ለዒድ እጅና እግር ያስጌጣል። ሙቀትና ድርቅ ይችላል፤ ቅዝቃዜን ግን አይችልም። እንደ አጥር ሲከረከም ቅጠሉም ይለቀማል፣ ቅርጹም ያምራል። ሌላም ጥቅም አለው። "ጥቁር ሂና" እየተባለ የሚሸጠው ቀለም ብዙ ጊዜ ለፀጉር ማጥቆሪያ የሚውል ኬሚካል የተቀላቀለበት ሲሆን ቆዳን ሊያቃጥልና ጠባሳ ሊተው ይችላል። የእውነተኛው ሂና ቀለም ከብርቱካናማ እስከ ቡናማ ቀይ ነው። ከግቢዋ ለቅማ የወቀጠች እናት የልጇ እጅ ላይ ምን እንደምትቀባ ታውቃለች። በደጋ የሚኖሩ ደግሞ ሂናን ከመሞከር ይልቅ እርጥበትና ጥላ ባለበት ጥግ እንሶስላ ቢተክሉ ይሻላል። እንሶስላ ቁጥቋጦ ባይባልም ከፍ ብሎ ያድጋል፤ ነጭ አበባው ያምራል፤ ሥሩም ለእጅና ለእግር የሚሆነውን ቀለም ይሰጣል።

ሮማንም አይረሳ። በቁርኣን ውስጥ በስሙ ከተጠቀሱት ፍሬዎች አንዱ ነው። ደማቅ ቀይ አበባው ከጌጥ ተክሎች አያንስም፤ ሙቀትና ደረቅ አየር ሲያገኝ ጥሩ ፍሬ ይሰጣል። ከሥሩ ብዙ ቡቃያ ስለሚያወጣ ሦስት ወይም አራት ግንድ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መቁረጥ ይገባል። ሂቢስከስ ደግሞ ትልልቅ አበቦች አሉት። እያንዳንዱ አበባ በአብዛኛው ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ነገር ግን በማግሥቱ ሌላ ስለሚተካ ዛፉ አበባ አያጣም። ከቡገንቪሊያ ይበልጥ ውሃ ይፈልጋል።

ልጆች ባሉበት ግቢ

ከአራቱ ጥያቄዎች ሁሉ ሊዘለል የማይገባው ይህ ነው። ሕፃን ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው። ፍየልና በግም ያገኙትን ይቀጥፋሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን ተክሎች ወላጆች በመልካቸው ሊያውቋቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ኦሊያንደር ነው። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም፣ አበባው ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ ሆኖ በዘለላ ይወጣል። ሙቀትና ድርቅ ስለሚችል በየመንገዱና በየግቢው ይተከላል። ነገር ግን ቅጠሉ፣ አበባው፣ ግንዱና ሥሩ ሁሉ የልብን አመታት የሚያዛባ መርዝ አለበት። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላም መርዙ አይጠፋም፤ ከብት ጥቂት ቅጠል በልቶ ሊሞት ይችላል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ለማገዶ፣ ለሥጋ መጥበሻ እንጨትም ሆነ ለመፋቂያ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ቅጠሉ ጠባብ ሆኖ አበባው ቢጫ ጥሩንባ የመሰለው ዘመዱም እንዲሁ ነው። ልጆች ሊጫወቱበት የሚችሉት አረንጓዴ ፍሬ በውስጡ የያዘው ዘር እጅግ መርዛማ ነው።

ሁለተኛው ትልልቅ አበቦቹ እንደ ደወል ወደታች የሚንጠለጠሉት ቁጥቋጦ ነው። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሮዝ ሊሆን ይችላል፤ ሲመሽ ሽታው ይበረታል፤ በአዲስ አበባ ግቢዎችም የተለመደ ነው። ይህ ተክል ሁላችንም የምናውቀው የአስተናግር ዘመድ ነው። የአስተናግርን ጠባይ የሚያውቅ ሰው የዘመዱን ለመገመት አይቸገርም። የበላው ሰው ዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይቀባዥራል፤ ሕይወቱም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለአጥር የሚዘወተረው ቅንጭብ ነው። አበባው እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ ከአበባ ቁጥቋጦዎች ጎን ስለሚተክለው መጥቀሱ ያስፈልጋል። ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል። ሲቆረጥ ልጆችን ማራቅ፣ ከተቆረጠ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ የግድ ነው።

ልጅ ከእነዚህ አንዱን ማኘኩ ከታወቀ በግድ እንዲያስመልስ አይደረግ። በአፉ የቀረውን አውጥቶ፣ አፉን በውሃ አጉመጥምጦ፣ የተክሉን ቅርንጫፍ በላስቲክ ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ቅርንጫፉ መያዙ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት እንዲያውቅ ይረዳዋል።

መርዛማ ተክል ሁሉ ከምድር ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ልጆች ካደጉበት፣ ከብት ከሌለበት ግቢ ውስጥ ጠባዩ ታውቆ ሊኖር ይችላል። በጎረቤት ልጆች መጫወቻ አጠገብ፣ በመድረሳ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ ግን ቦታ ሊሰጠው አይገባም።

ለአንድ ግቢ ጌጥ፣ ለአገር እዳ

አንዳንድ ቁጥቋጦ ደግሞ ጉዳቱ ከግቢያችን አልፎ ይሄዳል። የወፍ ቆሎ የሚባለው፣ ትናንሽ አበቦቹ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ሆነው በአንድ ዘለላ የሚታዩት ተክል መነሻው የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው። በጌጥነትና በአጥርነት ወደ ብዙ አገሮች ገባ። ስሙ እንደሚመሰክረው ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል። በድሬዳዋ፣ በሐረርጌና በሶማሌ አካባቢ የግጦሽ መሬት እየወረረ ሣር አጥፍቷል፤ ቅጠሉን የበላ ከብትም ጉበቱ ይታመማል። ስለዚህ አበባው ምንም ያህል ቢያምር ችግኙን ከመግዛትና ለጎረቤት ከማካፈል መቆጠብ ይበጃል። በግቢያችን ካለ ዝናብ ሳይመጣ፣ ፍሬ ሳይዝ ከነሥሩ መንቀል ይሻላል።

ቦታው፣ ፀሐዩና ውሃው

ችግኝ ሲገዛ ትንሽ ነው፤ ዓይናችን የሚያየውም ትንሽነቱን ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት ሜትር እንደሚሆን ነው። ለግምት የሚረዳ ቀላል ደንብ አለ። ተክሉ ሲያድግ የሚኖረውን ስፋት ለሁለት ማካፈልና ቢያንስ ያን ያህል ከግድግዳ ማራቅ ነው። ሁለት ሜትር የሚሰፋ ሂቢስከስ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውሃ ቧንቧ መስመር መራቅም ብልህነት ነው። እሾሃም ቁጥቋጦ በሰው መተላለፊያ አጠገብ ከሆነ ቅርንጫፉን በየጊዜው መሰብሰብ የጎረቤትና የመንገደኛ ሐቅ ነው።

ፀሐዩን ለማወቅ በአንድ የበጋ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ከዐሥር ሰዓት በኋላ ግቢውን መመልከት ይበቃል። ጽጌረዳ፣ ቡገንቪሊያ፣ ሂናና ሮማን ፀሐይ በሚበዛበት፣ ቡናና እንሶስላ ደግሞ ጥላ በሚያገኙበት ይተከላሉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የውሃው ነገር ከገንዘቡ ይበልጥ ያሳስባል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ጥቂት ውሃ የሚበቃቸውን መምረጥ ሲሆን፣ ሌላው የዋለውን ውሃ አለማባከን ነው። የዉዱእ ውሃ ሳሙና ስለሌለበት በባልዲ ከተጠራቀመ ለቁጥቋጦ ሁሉ ይሆናል። አምስት ስድስት ሰው የሚሰግድበት ቤት በየቀኑ የሚያፈሰው ውሃ ጥቂት ተክሎችን ያኖራል። በረኪና ወይም ብዙ የዱቄት ሳሙና ያለበት የልብስ ውሃ ግን ሥር ላይ መፍሰስ የለበትም።

ለወጥ ቤትም የሚተርፉ

ጠባብ ግቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከአበባው ሌላ ለማጀቱ የሚተርፈውን ቢያስቀድሙ ይጠቀማሉ። ሥጋ መጥበሻ፣ ሮዝመሪ የምንለው ማለት ነው፣ ትናንሽ ሰማያዊ አበቦች አሉት፤ ንብ ይወደዋል፤ ዝቅ ያለ አጥር ሆኖ ይከረከማል፤ ድርቅም ይችላል። ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ ከመዋሉም በላይ በግቢው ሲያልፉ ልብስ ሲነካው መዓዛው ይነሳል። ጥንጁት ነጭ አበባ ያለው፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ የሚሆን የአገር ቁጥቋጦ ነው። ጤና አዳም ቢጫ አበባውም ለቡናው የሚሰጠው ጣዕምም ይወደዳል፤ ሆኖም ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል ከቆረጡ በኋላ መታጠብ ያሻል። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩም ሥጋ መጥበሻን፣ ጤና አዳምንና ድንክ ጽጌረዳን ከታች በተበሳ ዕቃ ተክለው በረንዳ ላይ ማሳደግ ይችላሉ።

አተካከሉ

መልካም ምርጫ በመጥፎ አተካከል ይበላሻል። ዝናብ በቂ ሆኖ መጣል ሲጀምር፣ በአብዛኛው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ጎኑና ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ተቀምጦ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቀል። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዞ ከሆነ በእጅ ይፈታታ። ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ ተቀብሮ ከነበረው ጥልቀት በላይ አይቀበር። ከተተከለ በኋላ በደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ዙሪያው ይሸፈን፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ ይሁን። በመጀመሪያው በጋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ሥሩ ወደታች እንዲሄድ ያደርገዋል።

እንግዲህ ወደ ችግኝ ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ በወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ይጻፍ፤ የግቢው ስፋት፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥግ፣ የውሃው ሁኔታ፣ የትንሹ ልጅ ዕድሜ። ከዚያ ከሁለትና ከሦስት ዓይነት በላይ አይመረጥ። ሻጩ ስሙንና ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት መናገር ካልቻለ ችግኙን መተው ይሻላል። ተከላው ላይ ልጆች ይሳተፉ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ተክል በኃላፊነት ይያዝ፤ ስሙን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ይወቅ። ልጁ የሚያውቀውን ተክል አይቀጥፈውም፤ የማያውቀውንም ወደ አፉ አያደርስም። ይህ ከተደረገ፣ ኢንሻአላህ፣ በመጪው ዓመት በግቢያችን የሚያብበው አበባ ዓይናችንን ብቻ ሳይሆን ልባችንንም የሚያሳርፍ ይሆናል።